«ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ የወጣው ገዢ፦ የደንበኛን ባሕርይ ተረድቶ ሽያጭን የማሻሻል መመሪያ

ብርድ ልብሱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። ጠርዙን ገልብጣ ስፌቱን አየች። ቀጥላ በክንዷ ለካችው፤ እስከ ጫፉ ደርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ለካች። ዋጋውን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ዞሬ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ደጃፍ ድረስ ተከትዬ ቀነስኩላት፤ ጥቂት እንደተራመደች ሁለተኛ ጊዜ ቀነስኩላት። ዞራም አላየችኝ። ከሰዓት በኋላ ከእኔ ሦስት ሱቅ አልፎ ካለው ነጋዴ የገዛችውን ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ጠቅልላ ተሸክማ ስታልፍ አየኋት። ነጋዴውን በስንት እንደሸጠላት ብጠይቀው፣ እኔ መጀመሪያ ከጠራሁት ዋጋ በላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትገዛው ልጇን ለምትድርበት ሰፊ አልጋ ነበር። የእኔ ብርድ ልብስ ጠበባት። ሁለት ጊዜ በክንዷ ስትለካ ፊት ለፊቴ ቆማ እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ ግን እያየሁ የማስበው ስለ ዋጋ ነበር። ሰፊው ብርድ ልብስ እኮ ከበላዬ መደርደሪያ ላይ ነበረኝ።

ነጋዴ ሁሉ የሸጠውን ይመዘግባል። ማታ ደብተሩን ሲደምር የሚያየው የገዙትን ብቻ ነው። ሳይገዙ የሄዱት ከደጃፉ እንደወጡ ከሐሳቡም ይወጣሉ። እኔ ደሴ ውስጥ የቤት ዕቃ ስሸጥ፣ ኋላም ኮምቦልቻ ሁለተኛ ሱቅ ስከፍት የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ሽያጭን ለማሳደግ የሚያስፈልገው ትምህርት ያለው እነዚሁ ሳይገዙ በሄዱት ሰዎች ዘንድ መሆኑን ነው። ለመግባት የደከሙ፣ ዕቃውን የፈለጉ፣ ግን አንድ ነገር የመለሳቸው ሰዎች ናቸው። ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። አሠራሩን እንደሚከተለው ላስረዳ።

አንደኛ፦ ሳይገዙ ለወጡ ሰዎች ደብተር ይክፈቱ

ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ገጹን በአምስት ዓምድ ያስምሩት፦ ሰዓት፣ ገዢው ከማን ጋር እንደመጣ፣ የጠየቀው ዕቃ፣ እጁ ያደረገው፣ ሲወጣ ያለው ቃል። ስምና ስልክ አይጻፉ፤ የሰው ገመና መመዝገቢያ አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ መስመር። ለምሳሌ፦ «5፡20፤ እናትና ልጅ፤ ፔርሙስ፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ነቀነቀችው፤ ‘ከዚህ ያነሰ የለም?’»

ሰውየው እንደወጣ ወዲያው ይጻፉት። ማታ እጽፈዋለሁ ካሉ የሚጽፉት ያዩትን ሳይሆን የገመቱትን ነው፤ ግምታችን ደግሞ ሁልጊዜ «ዋጋ በዛበት» ወደሚለው ያደላል። ሱቁ ውስጥ የሚረዳዎት ልጅ ካለ እሱም ይጻፍ። ነገር ግን በመስመሮቹ ብዛት አይቆጡት። «ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ሰደድክ?» ካሉት ከነገ ጀምሮ ግማሹን ይደብቅዎታል፤ ደብተሩም ያን ቀን ይሞታል።

ሁለት ሳምንት እስኪሞላ ምንም አይለውጡ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በሦስተኛው ቀን «ገባኝ» የሚል ስሜት ይመጣል። ታገሡት።

ሁለተኛ፦ ከአፉ በፊት እጁን ይመልከቱ

«ዞሬ እመጣለሁ» ጨዋ ቃል ነው። የአገራችን ሰው ፊት ለፊት «ዕቃህን አላመንኩትም» ወይም «ገንዘብ አልያዝኩም» ማለት ይከብደዋል፤ አንተንም ራሱንም እንዳያሳፍር በዚህች ቃል ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቃሉ አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ምክንያት ብዙ ነው። የሚለየውም ከቃሉ በፊት እጅና ዓይን ባደረጉት ነው።

ከደጃፍ ሳይገባ፣ ምንም ሳይነካ «ይሄ ስንት ነው?» የሚል ሰው ገና ገበያውን እየቃኘ ነው። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የሚያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ለእሱ ዋጋውን ወዲያው፣ በግልጽ፣ ሳያንገራግሩ ይንገሩት፤ ዕቃው ከሌላው የሚለይበትን አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩለት፦ «ሁለት በኩል የሚለበስ ነው» ወይም «ክዳኑ መለዋወጫ አለው»። አይከተሉት። ሲዞር ውሎ ከሚያስታውሳቸው ዋጋዎች መሃል ምክንያት የተያያዘለት የእርስዎ ብቻ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።

የነካ፣ የገለበጠ፣ የለካ፣ ከዚያ ዋጋ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ሌላ ነው። እሱ ዕቃውን በልቡ ቤቱ አስገብቶታል። ዝምታው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ኪሱ አልደረሰም፣ ወይ የለካው ልክ አልሆነለትም። በዚህች ቅጽበት ዋጋ መቀነስ ትልቅ ስሕተት ነው። ይጠይቁ፦ «እናቴ፣ ለስንት አልጋ ነው?» «አባቴ፣ ለስንት ሰው ነው የሚያፈሉበት?» መልሱ ሰፊውን ወይም ትንሹን እንዲያወርዱ ይነግርዎታል። ኪስ ላልደረሰለት ሰው ያንኑ ዕቃ ከማርከስ አነስ ያለውን ማሳየት ይሻላል፤ ክብሩም ይጠበቃል፣ የእርስዎም ዋጋ አይፈርስም።

ስለ አጠባበቁ የሚጠይቅ፣ ዕቃውን የሚያሸት፣ በጥፍሩ ቀለሙን ጫር የሚያደርግ ሰው የሚፈራው መታለልን ነው። ለእሱ ምላስ አይጠቅምም። ወንበር አቅርበው ጨርቁን ጫፉ ላይ ውኃ ነክረው በነጭ መሃረብ ይጥረጉለት፤ ቀለም እንደማይለቅ ዓይኑ ይይ። ፔርሙስ ከሆነ ጠዋት የሞሉትን ሙቅ ውኃ በ9 ሰዓት ሲኒ ላይ ቅዱለት። እኔ ሱቄ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የተሞላ ፔርሙስ አለ፤ ጠዋት የሞላሁበትን ሰዓት ከጎኑ በወረቀት ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ከዚህ የበለጠ ስለ ዕቃው የተናገረልኝ ሻጭ የለም።

ፎቶ ካነሳ ወይም «እስከ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ?» ካለ ወሳኙ ሰው ሌላ ቦታ ነው ያለው። እንዳያስጨንቁት። ዓይነቱን፣ ልኩን፣ ዋጋውንና የሱቁን ስልክ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ቤት ሲደርስ እርስዎን ሆና የምትናገርለት ያቺ ወረቀት ናት።

መደርደሪያውን በዓይኑ ዳስሶ ምንም ሳይጠይቅ የሚወጣውን ሰው ደግሞ ብዙ ነጋዴ አይቆጥረውም። «ወንድሜ፣ ፈልገው ያጡት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልሱልዎት መልስ ቀጥሎ ምን ዕቃ ማምጣት እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

ሦስተኛ፦ የሚመርጠውን፣ የሚከፍለውንና የሚፈርደውን ይለዩ

ሦስት ሴቶች አብረው ከገቡ አንዷ ገዢ፣ አንዷ «ዕቃ ታውቃለች» ተብላ የመጣች ዘመድ፣ ሌላዋ ሸኚ ናቸው። ልምድ የሌለው ሻጭ ቦርሳ የያዘችውን ብቻ ያነጋግራል። ያቺ ዕቃ ታውቃለች የተባለችው ግን ከንፈሯን ነከስ ካደረገች ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ድስቱን አንሥተው በእጇ ይስጧት፦ «እትዬ፣ እርስዎ ይዩልን፣ ውፍረቱ ይበቃል?» የተጠየቀ ሰው ፈራጅ መሆኑን ትቶ አማካሪ ይሆናል። ጉድለት ካገኘችበት ደግሞ ያመስግኗትና ሌላ ያውርዱ፤ አይከራከሯት።

ባልና ሚስት ሲገቡ ባል ለመክፈል ቢቆምም ድስትና ሲኒ ላይ የሚመርጠው እሱ አይደለም። ፍራሽ ላይ ግን ሁለቱም ናቸው። ለሙሽራ ዕቃ እናት ትወስናለች፤ ሙሽራዋ የምትወስነው ቀለሙን ነው። የእርስዎ ደብተር ከዚህ የተለየ ካሳየዎት ደብተርዎን ይመኑ።

አራተኛ፦ ቦታውንና ወቅቱን አብረው ያንብቡ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን ሌላ ገበያ ውስጥ ነው የገቡት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ በጦሳ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሁለተኛውን ሱቅ ስከፍት ደሴ የሚሸጥልኝን ወፍራም ብርድ ልብስ ጭኜ ወረድኩ። ወራቱን ሙሉ አቧራ ጠጣ። ሙቀቱ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ደብተሩ ላይ በተደጋጋሚ የተጻፈው «ትንሽ የለም?» የሚለው ቃል ነበር።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ ሁሉ ሠራተኛ ያሰባስባሉ። ብዙው ወጣት ነው፤ ከገጠር መጥቶ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ነገ ቤት ይቀይር ይሆናል። የሚፈልገው የአንድ ሰው ፍራሽ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ድስት፣ በአንድ ጋሪ የሚጓዝ ዕቃ ነው። የሚገዛውም ከሥራ ሲወጣ ነው፤ ስለዚህ በሥራ መውጫ ሰዓት ሱቅ መዝጋት ገዢን መሸኘት ነው። በባቲ በኩል ከሚሌ የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ ጊዜ የላቸውም፤ ዋጋው ተጽፎ ካዩ ያነሣሉ፣ ካልተጻፈ ያልፋሉ።

ደሴ ላይ ቤተሰብ ነው የሚገዛው፤ ዕቃው ለዓመታት እንዲቆይ ይፈለጋል። ግን ደሴም አንድ አይደለችም። ሆስፒታል አካባቢ በሽተኛ ሊያስታምም ከወረዳ የመጣ ሰው የሚገዛው ፔርሙስ፣ ኩባያ፣ ማንኪያና ቀለል ያለ መደረቢያ ነው፤ ቸኩሏል፣ ልቡ ተጨንቋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እነዚህን አራት ዕቃዎች አንድ ላይ አዘጋጅቶ በቁርጥ ዋጋ ማቅረብ ንግድም ደግነትም ነው። በጭንቁ ሰዓት ዋጋ የሚያንርበት ነጋዴ ይህን መመሪያ ባያነበው እመርጣለሁ።

ወቅቱን በተመለከተ ደብተርዎ ጥግ ላይ ቀኑን ከነበዓሉና ከነጾሙ ይጻፉ። የደመወዝ ሳምንት፣ የጥር ሠርግ፣ የመስከረም ትምህርት መክፈቻ፣ አዝመራ የገባበት ወር፣ የጁምዓ ሶላት የሚለቀቅበት ሰዓት ሁሉ በሰው እግር ላይ ይታያሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ አምና በዚህ ወር የነበረውን ሽያጭ ከዘንድሮ ጋር እንዲያው ማነጻጸር ያሳስታል። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ፤ እንደ እኛ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚኖርበት ከተማ ቀኑ በሁለቱም በኩል ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ «ሱቄ ምን ነካው?» ብሎ ዋጋ የሰበረ ነጋዴ ባልታመመ ገበያ ላይ መድኃኒት ሰጠ ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ገዢው በልቡ የያዘውን ዋጋ ይወቁ

«ባለፈው በዚህ ዋጋ ገዝቼው ነበር እኮ!» ይህ ቃል ደብተርዎን የሚሞላበት ጊዜ ይመጣል፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በጣም ይሰማል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ትርፍና ኪሳራን የሚለካው በአእምሮው ከያዘው መነሻ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ኪሳራ ደግሞ በመጠን እኩል ከሆነ ትርፍ ይልቅ እንደሚከብደው አሳይተዋል። ገዢዎ ያለፈውን ዋጋ ይዞ ከገባ፣ ልዩነቱን የሚያየው ከኪሱ እንደተወሰደበት ገንዘብ ነው። «ዶላር ጨመረ» ብሎ መከራከር ቁስሉን መነካካት ነው።

የሚሻለው ይህ ነው። የድሮውን ዋጋ እርስዎ ቀድመው ይናገሩት፦ «አዎ፣ አምና በዚህ ዋጋ ሸጬዋለሁ፤ አሁን እኔም የምገዛው በሌላ ዋጋ ነው።» ያመነ ሻጭ ይታመናል። ቀጥለው ሌላ መነሻ ይስጡት፤ ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ሲበላሽ ምኑ እንደሚጠገን። ከዚያ ሁለት ደረጃ ዕቃ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ንጽጽሩ ከአምናው ዋጋ ወጥቶ ከፊቱ ካሉት ከሁለቱ ወደ አንዱ ይሄዳል።

ዋጋውን ዕቃው ላይ ይለጥፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም የሚያዘው ይህንኑ ነው። «ዋጋ ከተለጠፈ ክርክር ይቀራል» ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አይቀርም። የሚቀረው ፊትን አይቶ ዋጋ የመጥራት ጥርጣሬ ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ያለ ገዢ ሊገዛ ነውና ደስ ይበልዎ። ሳይጠየቁ ግን አይቀንሱ፤ ሳይጠየቅ የወረደ ዋጋ የመጀመሪያው ውሸት እንደነበር ይመሰክራል። ለመቀነስ ያሰቡትን ያህል ብዙ ጊዜ በምርቃት መስጠት ይሻላል፦ ከድስቱ ጋር ጭልፋ፣ ከሲኒው ጋር አንድ ትርፍ ሲኒ። የቀነሱት ዋጋ በሚቀጥለው ጊዜ መነሻ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ምርቃት ግን ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ገዢውም በፈንታው ይመርቅዎታል፤ አገሩ ወሎ ነውና።

ስድስተኛ፦ መደርደሪያውን ያቅልሉ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቄ ባዶ ቀርቶ ነበር። እንደገና ስጀምር ሃያ ዓይነት ብርድ ልብስ የነበረኝ ሰው ስድስት ዓይነት ብቻ ይዤ ቆምኩ፤ አፍሬም ነበር። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሰዎች ቶሎ ይወስኑ ጀመር። «ያንን አውርድልኝ፣ ይሄንንም፣ ያንንም» የሚለው ቀርቶ ሁለቱን አነጻጽረው አንዱን ይይዛሉ።

ኋላ እንዳነበብኩት ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የምግብ መደብር አንድ ጊዜ 24፣ አንድ ጊዜ 6 ዓይነት ማርማላታ ለቅምሻ አቅርበው ነበር። ሃያ አራቱ ብዙ ሰው አቁመው አሳዩ፤ ከቆሙት የገዙት ግን 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በስድስቱ ፊት ከቆሙት 30 በመቶ ያህሉ ገዙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ በራስዎ መደርደሪያ ይፈትኑት። ከፊት አምስት ስድስት ዓይነት ይተዉ፣ የቀረውን ከኋላ ያድርጉ፣ ለጠየቀ ያውጡ። ለሙሽራ ዕቃ ለሚመጣ ሰው ግን ይህ አይሠራም፤ እሱ ብዙ አይቶ ካልመረጠ የመረጠ አይመስለውም።

ሰባተኛ፦ ይቁጠሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ መስመሮቹን በምክንያት ይቧድኑ። እንበል 60 ሰው ሳይገዛ ወጥቷል፤ 22ቱ ልክ አጥተው፣ 15ቱ ጥራቱን ተጠራጥረው፣ 12ቱ ወሳኙ ሰው አብሯቸው ስላልነበረ፣ 11ዱ በዋጋ ቢሆኑ፣ ዋጋ ቢቀንሱ የሚያገኙት ከአሥራ አንዱ የተወሰኑትን ነው፤ ቅናሹ ግን በዋጋው ሊገዙ ከነበሩት ሁሉ ይወሰድብዎታል። መጀመር ያለብዎት ልክ ከማሟላት ነው።

አንዱን ብቻ ይለውጡና ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ልክም፣ ዋጋም፣ አቀማመጥም አብረው ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ሲያነጻጽሩም የደመወዝን ሳምንት ከደመወዝ ሳምንት፣ የወር አጋማሽን ከወር አጋማሽ ጋር ይሁን።

ስምንተኛ፦ ዱቤና የስልክ ገዢ

ዱቤ ሲሰጡ ቀኑን ከገዢው ደመወዝ ጋር አስማምተው በሁለታችሁ ፊት ይጻፉት። በዱቤ ምክንያት ዋጋ አይጨምሩ፤ አንዳንድ ደንበኛ ወለድ አድርጎ ያየዋል፣ ሳይናገርም ይርቃል። በቴሌግራም የሚጠይቅን ሰው «ውስጥ መስመር ግባ» አይበሉት፤ ዋጋውንና ልኩን እዚያው ይጻፉለት። ዕቃውን ከእጅዎ ወይም ከሲኒ አጠገብ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ መጠኑን መንካት የማይችል ሰው በዓይኑ ይለካዋል።

ዘጠነኛ፦ ዕቃ ይዞ የተመለሰውን ሰው

ዕቃ የተበላሸበት ሰው ተቆጥቶ ሲገባ ሌሎች ገዢዎች ቆመው ያያሉ። ወደ ውጭ አይውሰዱት፤ እዚያው ያስቀምጡትና እስኪጨርስ ያዳምጡት። የተታለለ ሰው ወሬ በሰፈር ቡና ከአቦል እስከ በረካ ይዳረሳል፤ በአግባቡ የተስተናገደውም እንዲሁ። ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ ይለውጡለት፤ የአያያዝ ከሆነ እንዴት እንደሚያዝ በእጅዎ ያሳዩት። የተናገረውን ቃል በቃል በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ይጻፉ፤ ወደ አከፋፋይዎ ዕቃ ሊያመጡ ሲሄዱም ያንን ገጽ ይዘው ይሂዱ። «ሰዎች ቅሬታ አላቸው» ከማለት ይልቅ «እጀታው በሁለት ወር ተነቀለ፤ አራት ሰው አምጥቶልኛል» ብሎ ገጹን መዘርጋት ሌላ ነገር ነው።

የእኔ አከፋፋይ ሰፊውን ብርድ ልብስ በብዛት ማምጣት የጀመረው ከእንዲህ ያለ ገጽ ላይ «ጠበበ» የሚለውን ቃል በጣቱ እየጠቆመ ከቆጠረ በኋላ ነው።